ሰሚውን ሳይጠይቁ መጽሐፍ የማይሸጡት የወይዘሮ ጽጌማርያም ሠረቀብርሃን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጽጌማርያም ሠረቀብርሃን ኅዳር 6 ቀን 1914 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መሪጌታ ሠረቀብርሃን ከመንዝ መጥተው በደብራችን ያገለገሉ ሲሆን፣ እናታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ወንድይፍራው ደግሞ ያንኑ መንገድ ከባለቤታቸው ጋር በእግራቸው የመጡ ናቸው።

መሪጌታ በግቢያቸው የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ሰብስበው ዳዊት ያስደግሙ ነበር። ሴት ልጃቸውን ግን አላስተማሩም። ጽጌማርያም ጓዳው መስኮት ሥር ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ የሚባለውን ሁሉ ይሰሙ ነበርና፣ አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ሲሳሳት ከውስጥ ሆነው አረሙት። መሪጌታ መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥለውም «እንግዲህ ከዚያ ውጪና ከነሱ ጋር ተቀመጪ» አሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ማረም አላቆሙም። እዚህ ከተሰበሰባችሁትም ብዙዎቻችሁ ታርማችኋል።

የጠላት ወረራ ዘመን በቤታቸው ላይ ያደረሰው መከራ በብዙዎቻችሁም ቤት የደረሰ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። መሪጌታ በ1930 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም በ1935 ዓ.ም. የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ከነበሩት ከአቶ ወልደዮሐንስ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ልጃቸውን ወንድይፍራውን በ1937፣ ልጃቸውን ጥሩብርሃንን በ1940 ዓ.ም. ወለዱ። አቶ ወልደዮሐንስ በ1946 ዓ.ም. በወባ በሽታ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባል የሞተባት ሴት በዚያን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ታደርግ ነበር፤ ወይ ታገባለች፣ ወይ ጠላ ትጠምቃለች፣ ወይ ወንድሟ ቤት ትገባለች። ወንድማቸው አቶ ተክለማርያም ሦስተኛውን አሰቡላቸው፤ ክፍልም አስለቀቁላቸው። ወይዘሮ ጽጌማርያም አመስግነው ክፍሉን ለዘር ማስቀመጫ እንዲያደርጉት መከሯቸውና በ1948 ዓ.ም. ከአቶ ጓንጉል ላይ በዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ደብተር፣ ቀለም፣ ብዕርና ጠመኔ መሸጥ ጀመሩ። በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ አንድ ሣጥን ልብ ወለድና ግጥም ይዘው መጡ። አቶ ጓንጉል ሣጥኑ ሲወርድ ቆመው አይተው፣ «ጽጌ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊያነበው ነው?» ብለው ጠየቁ። «እሱን እኔ እፈልጋለሁ» ተባሉ።

ፍለጋው ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ሆነ። ወይዘሮ ጽጌማርያም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከሱቃቸው የወጣ መጽሐፍ ሳይነበብ እንዳይቀር። በዚያ ዘመን በዲላም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች መጽሐፍ ስጦታ ሆኖ ሲገባ ከብርጭቆዎቹ ጋር ኮሞዲኖ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። ለእንግዳ ይታያል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይቆለፋል። ወይዘሮ ጽጌማርያም ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ ዝም ብለው አይሸጡም። ዕድሜውን፣ ክፍሉን፣ ከዚህ በፊት ምን እንዳነበበ ጠይቀው ራሳቸው ይመርጣሉ። ገዢው ሌላ ካማረው «እሱ ለእርስዎ አይሆንም» ይሉታል። በዚህ የተቀየሙ ብዙዎች ናቸው። የተመለሱም ብዙዎች ናቸው።

መራጭነታቸው ክፉኛ የተፈተነው በ1953 ዓ.ም. ነው። ይህን ታሪክ ራሳቸው ሳያሳምሩ ይናገሩት ስለነበር እዚህም ሳይሳምር ይቀርባል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚሠሩት አቶ ጴጥሮስ ልጃቸውን አትጠገብን ወደ ጨለለቅቱ ሊድሩ ነበርና ስጦታ ሊገዙ ወደ ሱቁ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። የምድራት ለአቶ ይርጉ ልጅ ነው፤ ትልቅ ቤት ነው። ከእሷ ጋር የሚሄድ ነገር ስጡኝ» አሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ልጅቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ምን ምን እንዳነበበች፣ ረጅም ነገር ትችል እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያም በዚያ ወር ከአዲስ አበባ የደረሳቸውን አዲስ ልብ ወለድ በቀይ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡ። አንብበውት ነበር፣ ወደውትም ነበር። ዋናው ሰው ሴት የሚያታልል፣ የሰው ፈረስ እየሰረቀ በሩቅ ገበያ የሚሸጥ፣ ሆኖም አንባቢ ሊጠላው የማይችል ወጣት ነው። ስሙ ይርጉ ይባላል።

በጌዴኦ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ሰው ቢያጋጥማት እንኳ በሌላ ነገር ትጠራዋለች እንጂ ስሙን ከአፏ አታወጣም። ወይዘሮ ጽጌማርያም ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፣ ወጉንም አሳምረው ያውቁት ነበር። የአማቷንም ስም አቶ ጴጥሮስ እዚያው ቆመው ነግረዋቸው ነበር። የለኩት ግን ልጅቱን ብቻ ነው።

አቶ ይርጉ ከሠርጉ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከጸሎት መልስ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እንሰቱ ጥላ ሥር ሰበሰቡ። በቤታቸው ፊደል የቆጠረ ሰው ገብቶ አያውቅም ነበርና «ምራቴ ታነባለች» ማለት ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። አትጠገብ መጽሐፉን ገለጠች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያ ስም አለ። በመጀመሪያ «ሰውዬው» እያለች ለማለፍ ሞከረች። በታሪኩ ውስጥ ሌሎች ወንዶችም ስላሉ ሰሚው «የትኛው ሰውዬ?» ማለት ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ «ፈረሱን የሰረቀው ነው ወይስ የተሰረቀበት?» ብለው ጠየቁ። ወዲያው አባትየው ልጁን በስሙ የሚጣራበት ገጽ ደረሰ። አትጠገብ መጽሐፉን ዘጋችው።

በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው ሆነ። ጎረቤት ማጉረምረም ጀመረ። ስድስተኛ ክፍል ጨረሰች የተባለው ውሸት ነው፣ ጴጥሮስ አታለለ ተባለ። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይምጣና ታንብብ ብሎ ነበር። ሌላው ደግሞ እሱንማ ከልጅነቷ በሚሲዮን ስትሰማ ስላደገች በቃሏ ይዛዋለች አለ። አትጠገብ ለባሏም አልተናገረችም፤ ለእሱ መናገር አባትህ በመጽሐፍ ሌባ ተብሏል ማለት ነውና። አማቷን ከምታዋርድ ማንበብ የማትችል ተብላ መቅረትን መረጠች። የቤቱ ሽማግሌዎችም ወደ አባቷ ትመለስ ወደሚለው አዘነበሉ።

ጋብቻውን ያስማሙት አቶ ወልዱ ግን ከዚያ በፊት ዲላ ልሂድ ብለው ተነሡ። ሱቁ ገብተው ቀዩን ወረቀት ፈቱና መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«እትዬ ጽጌ፣ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው። ወይ መጽሐፉ፣ ወይ ልጅቱ። መጽሐፉን ይዤ የመጣሁት እሱ ስለሚቀል ነው።»

አቶ ወልዱ የሆነውን ካስረዷቸው በኋላ ወይዘሮ ጽጌማርያም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አቶ ወልዱ ወዲያው እጃቸውን አነሡ።

«ማን አሉ?»

«ይርጉ።»

አቶ ወልዱ ወደ በሩ ተመለከቱ። «ምን ሲሠራ?»

«ፈረስ ሲሰርቅ።»

ሽማግሌው የቀለም ሣጥን ላይ ተቀመጡ። «ይህን እኔ ለይርጉ አልነግርም» አሉ።

«ማንም አይነግራቸውም። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ሱቁስ?»

«መጽሐፍ ነው እንጂ ወተት አይደለም፤ ቢያድር አይበላሽም።»

ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ መንገዱን ዞሮ ነበር። አቶ ጓንጉል መጥተው ኪራይ ሳይሆን ምክር አቀረቡ። «ጽጌ፣ ደብተርና ቀለም ማንንም ከማንም አያጣላም። ልብ ወለዱን ተይው» አሉ። ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው አቶ ፈድሉ ደግሞ ከሱቃቸው በር ሆነው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሳቁባቸው። «እትዬ ጽጌ፣ እኔ ነጠላ እንኳ ስሸጥ የምትለብሰው ሴት ቁመቷ ስንት ነው እላለሁ። እርስዎ የጴጥሮስን ልጅ ለኩ፤ የይርጉን ቤት አልለኩም።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም የአቶ ጓንጉልን ምክር አልተቀበሉም። የአቶ ፈድሉን ቀልድ ግን ተቀበሉት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም እንደ መመሪያ ይዘውት ኖሩ።

በማግስቱ ቅዳሜ በቡና መኪና እስከ ፍስሐ ገነት፣ ከዚያ በበቅሎ ሄደው ጨለለቅቱ አደሩ። የያዙት አንድ ስስ የግጥም መጽሐፍ ነበር፤ ከማተሚያ ቤት ከመጣ ገና ማንም ያልገለጠው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እንደገና ተሰበሰበ። አቶ ይርጉ እንግዳቸውን በክብር ተቀበሏቸው፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም ነበር።

«እትዬ፣ ደክመው መጡ። ልጅቱ ጥሩ ልጅ ናት። ሥራ ትሠራለች፣ ሰው ታከብራለች። የተነገረን ነገር ግን ሌላ ነበር» አሉ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ክርክር አልጀመሩም። መጽሐፉን ለአቶ ይርጉ በሁለት እጃቸው ሰጥተው፣ «እርስዎ ይግለጡት። በፈለጉት ቦታ ጣትዎን ያሳርፉ። ይህን መጽሐፍ ከዚህ በፊት እሷም አላየችውም፣ እዚህ ያለ ሰውም አላየውም» አሏቸው። አቶ ይርጉ መጽሐፉን አገላብጠው፣ አንዱን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉ። መጽሐፉን የያዙት ግን ዘቅዝቀው ነበር። አትጠገብ በትሕትና አዞረችውና ማንበብ ጀመረች።

ግጥሙ ዝናብ ስለዘገየበት ገበሬ ነበር። ገበሬው ደመናውን ይሰድበዋል፣ ይለማመጠዋል፣ በመጨረሻም ዝናቡ መጥቶ ያስቀዋል። አትጠገብ ሳትቆም፣ ሳትዘልል፣ ትንፋሿን በየስንኙ መጨረሻ እያሳረፈች ጨረሰችው።  

«ይህን የጻፈው ሰው ቡና አያውቅም» አሉ አቶ ይርጉ። «አበባው ከፈነዳ በኋላ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ ይረግፋል እንጂ ምን ያስቃል?»

«እሱ ጤፍ የሚያርስ ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም።

«እንደዚያ ከሆነ ይሁን» ብለው አቶ ይርጉ ሌላ ገጽ ገለጡ። ቀጥሎ አቶ ወልዱ ገለጡ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ሴቶች እየተሳሳቁ ገለጡ። አትጠገብ ሁሉንም አነበበች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቶ ይርጉ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ምራቴ ናት» አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቷቸው ነበር። እንግዳቸውን ወደ በቅሎው ሲሸኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያኛው መጽሐፍ ለምን እምቢ አላት?» አሉ።

«እሷ የማትጠራው ስም አለበት።»

አቶ ይርጉ ገባቸው። ብዙ እርምጃ ከሄዱ በኋላ፣ «ሰውዬው ደኅና ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ስለ መጽሐፍ ዋሽተው አያውቁም። በዚያም ቀን አልዋሹም። «ፈረስ አያያዙ እጅግ የሚደነቅ ነው» አሉ። አቶ ይርጉ ደስ አላቸው። የማን ፈረስ እንደሆነ አልጠየቁም፤ እሳቸውም አልነገሯቸውም። አቶ ይርጉ በ1960 ዓ.ም. አርፈዋልና ዛሬ መንገሩ ማንንም አያስቀይምም።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ከጨለለቅቱ ሲመለሱ የመምረጫ መንገዳቸውን ከሥሩ ለወጡት። በእኛ አገር መጽሐፍ የሚገዛው አንድ ሰው፣ የሚያነበው ሌላ ሰው፣ የሚሰማው ደግሞ ቤት ሙሉ ሰው ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻ ከተመረጠ አያቱ በሁለተኛው ገጽ ላይ ያንቀላፋሉ፤ አያቱ ካንቀላፉ መብራቱ ይጠፋል፤ መብራቱ ከጠፋ መጽሐፉ ኮሞዲኖ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ገዢ ሲመጣ ከዕድሜና ከክፍል በፊት የሚጠይቁት «ማን ይሰማዋል?» የሚለውን ሆነ። ቀጥሎም ቤቱ ውስጥ የማይጠራ ስም ካለ ይጠይቃሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ አይመረምርም ብለው የወጡ ነበሩ።

ለልጆች ሲመርጡ ጥብቅ ነበሩ። የሦስት ዓመት ልጅ ያላቸው አባት የፊደል መጽሐፍ ሲጠይቋቸው «እንዲበላው ነው?» ብለው ባለ ቀለም ጠመኔ ሰጥተው ሸኟቸው። ገና ማንበብ ለጀመረ ልጅ ተደጋጋሚ ነገር ያለበት ተረት ይሰጣሉ፤ ታናናሾቹ አብረው በቃላቸው እንዲሉት። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ወጣት ግን በጣም ወፍራሙን ልብ ወለድ ይሰጡታል። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ እዚያ ሲያነብ የሚሰማው ሰው የለም፣ መብራቱም የአባቱ አይደለም።

ልብ ወለድ ለሁሉም ሰው አይሸጡም ነበር። በገደብ ከተማ ለሚሠራ አንድ ፖሊስ ልብ ወለድ ከልክለው ግጥም ሰጥተዋል። በየደቂቃው ለሚጠራ ሰው ልብ ወለድ ከሰጠኸው ወይ ሥራውን ይበድላል ወይ ታሪኩን ይረሳል፤ ግጥም ግን በሁለት ተከሳሽ መካከል ያልቃል ይሉ ነበር። ግጥም በበኩሉ ለሐዘን ቤት አይሰጡም። ሐዘንተኛ የራሱን ሙሾ ያውቃል፣ ከአርባው በኋላ የሚያስፈልገው የሚያስቅ ታሪክ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ዛሬ ለቤተሰቡ ግጥም ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ከደንበኞቻቸው መካከል ስማቸው የማይጠቀስ አንድ የተከበሩ ካህን ነበሩ። በየወሩ ይመጡና ለወንድሜ ልጅ ልብ ወለድ ስጪኝ ይላሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም እንደ ወጋቸው «ዕድሜው ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ወደ ስልሳ ይጠጋል» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለ ወንድም ልጅ ደጋግመው ቢነጋገሩም አንዳቸውም አልሳቁም፤ የተመረጠለትም መጽሐፍ ሁልጊዜ ልክ ነበር።

አልፎ አልፎ ተሳስተዋል። በጉቦኞች ላይ የሚያፌዝ መጽሐፍ ሳያስቡት ለአንድ የከተማው ሹም ለበዓል ስጦታ እንዲሆን መርጠው ሸጡ። ነገሩ ሲገባቸው ሱቃቸው ይዘጋል ብለው ሳምንቱን በጭንቀት አሳለፉ። ሹሙ ተመልሰው መጥተው በጣም እንደሳቁበት ተናገሩና ለሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ተጨማሪ ገዙ፤ «ቁርጥ እነሱን ነው» አሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም መጽሐፍ ሰውን ይለውጣል የሚለውን አባባል ከዚያ ቀን ወዲህ ተናግረውት አያውቁም። መነበቡ ይበቃል ይሉ ነበር።

ለራሳቸው ቤተሰብ ግን ገር አልነበሩም። ልጃቸው ወይዘሪት ጥሩብርሃን ከመምህራን ማሠልጠኛ ስትመረቅ ሌሎች እናቶች ወርቅ ሲሰጡ እሳቸው መዝገበ ቃላት ሰጡ። ልጅቱ ሳምንት አኩርፋ ነበር። ዛሬ ገደብ በምታስተምርበት ክፍል መዝገበ ቃላቱ ሽፋኑ ተገንጥሎ ይገኛል፤ ወርቁ ተሰጥቶ ቢሆን የት ይገኝ እንደነበር መገመት ይቻላል።

በ1958 ዓ.ም. አቶ ጓንጉል ክፍሏን ለቡና መጋዘን ፈልገው እንዲለቁ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ጽጌማርያም አልለመኑም፣ አላለቀሱም። በዚያው ሳምንት አቶ ጓንጉል ቤት ሄደው፣ ዓይናቸው ለደከመው ለእናታቸው ለእማሆይ ምን እንደሚነበብላቸው ጠየቁ። ምንም አይነበብላቸውም ነበር። ወይዘሮ ጽጌማርያም በየረቡዑ እየሄዱ አንድ ረጅም ታሪክ ማንበብ ጀመሩላቸው፤ ሁልጊዜም ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይነሣሉ። አቶ ጓንጉል የክፍሉን ነገር ዳግመኛ ሲያነሡ እማሆይ «ታሪኩ ሳያልቅ ማንንም አታስወጣም» አሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ያ ታሪክ እንዳያልቅ የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል። መጋዘኑም ሌላ ቦታ ተሠራ።

አትጠገብ፣ ዛሬ ወይዘሮ አትጠገብ፣ በጨለለቅቱ ለሴቶች ማንበብ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በገበያ ቀን መጽሐፍ በሣጥን ይዘው ፍስሐ ገነት ይወጡ ነበር። ምን ለየትኛው ቤት እንደሚሄድ በየወሩ ዲላ እየመጡ ከወይዘሮ ጽጌማርያም ጋር ይማከራሉ። ምክክሩ ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ ለሴቶቹ የፍቅር ታሪክ ይሻላል ሲሉ፣ ወይዘሮ ጽጌማርያም አማቶቻቸው እንደሚሰሙ ያስታውሷቸዋል። ወይዘሮ አትጠገብም «እትዬ፣ የሚፈልጉትማ አማቶቹ ናቸው» ብለው ይመልሳሉ። ወይዘሮ አትጠገብ በዚህ ክርክር አሸንፈው የተመለሱባቸው ወራት እየበዙ ሲሄዱ ወይዘሮ ጽጌማርያም በግልጽ አልተደሰቱም፤ ሣጥኑን ግን ትልቅ አድርገው አሠሩላቸው።

ወይዘሮ ጽጌማርያም በ1964 ዓ.ም. ክረምት በኩላሊት ሕመም ተያዙ። በሀኪም ሲረዱ ቆይተው ሕመሙ ስለጠናባቸው ከጥቅምት ጀምሮ ከአልጋ አልወረዱም። ዓይናቸውም ስለደከመ ራሳቸው ማንበብ አቃታቸው። ጠያቂው ሁሉ ላንብብልዎት ማለት ጀመረ፤ ነገር ግን ለእሳቸው መጽሐፍ ለመምረጥ የደፈረ አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌማርያም ችግሩን በራሳቸው መንገድ ፈቱት። ለራሳቸው መምረጥ ትተው ለአንባቢው ይመርጡ ጀመር። ማንበብ የሚያስፈራት ልጅ ስትመጣ ራሳቸው የማይወዱትን ቀላል ታሪክ ያስነብቧታል፤ የሚቸኩል ሰው ሲመጣ ቶሎ ሊነበብ የማይችል ግጥም ይሰጡታል። የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ የሚያስቀውን ያስመጣሉ፤ እያለቀሰም ቢሆን እስኪጨርስ አይለቁትም።

በመጨረሻው ሳምንት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ወይዘሮ አትጠገብን አልጋቸው ዘንድ ጠርተው ስለ ሱቁ ተናገሩ። አቶ ወንድይፍራው የአዲስ አበባ ሥራውን ትቶ ሊመጣ እንደሚችል ሲናገር «አንተ ለማንም መጽሐፍ መርጠህ አታውቅም፤ ሥራህ ላይ ቆይ» አሉት። ወይዘሪት ጥሩብርሃንም ከትምህርት ቤቷ እንዳትነሣ ነገሯት። ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞረው ግን ሱቁን ትይዢዋለሽ ወይ ብለው አልጠየቋቸውም። የጠየቁት፣ በሚመጣው ወር ከሚደርሰው ሣጥን ውስጥ ለገደቡ ፖሊስ ምን ሊሰጡት እንዳሰቡ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ሰውዬው ጡረታ መውጣቱን፣ ሚስት ማግባቱንና አሁን ጊዜ እንዳለው ገልጸው «ልብ ወለድ ነው የምሰጠው፤ ወፍራሙን» አሉ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ይህን አላወቁም ነበር። «ልክ ነሽ» አሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሌላ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ የለም።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ሠረቀብርሃን በተወለዱ በ51 ዓመታቸው እሑድ ጥር 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ዛሬ ዘመድ ወዳጅ በተገኘበት አባታቸው ባገለገሉበት ደብር ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆችም አያት ነበሩ። ልጆቻቸው አቶ ወንድይፍራውና ወይዘሪት ጥሩብርሃን ወልደዮሐንስ፣ ወንድማቸው አቶ ተክለማርያም ሠረቀብርሃን ከነቤተሰባቸው፣ እንዲሁም ከዲላ፣ ከጨለለቅቱ፣ ከፍስሐ ገነትና ከገደብ ድረስ መጥታችሁ ሐዘኑን ለተካፈላችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሱቁ ከሐዘኑ በኋላ በሚመጣው ሰኞ በወይዘሮ አትጠገብ ጴጥሮስ እጅ ይከፈታል። አይሸጥም፣ ወደ ደብተርና ቀለም ብቻም አይመለስም።

ቸሩ አምላክ የእናታችንን የወይዘሮ ጽጌማርያምን ነፍስ የድካማቸውን ዋጋ ከፍሎ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም የጀመሩትን የምናስቀጥልበትን ጽናት ይስጠን። አሜን።